የድንጋዩ ቤት የማን እጅ ሥራ ነው? የኢፋትና የሾንኬ ግንቦች የተነበቡበት መንገድ ሲመረመር

ከመንዝ ደጋ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ምድሪቱ በድንገት ተቆርጣ ወደ ኢፋት ቆላ ስትወርድ ያያል። በላይ በኩል፣ ጓሳ በሚበቅልበት ብርዳም ደጋ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የድንጋይ ቤት ይታያል፤ ባለቤቱ ክርስቲያን ገበሬ ነው። በታች በኩል፣ በተዳፋቱ ጉብታዎች ላይ፣ ጣሪያቸውን ያጡ የድንጋይ መስጊዶች፣ ቤቶችና መቃብሮች አሉ፤ የኖሩባቸው ሙስሊሞች ነበሩ። ስለ ላይኛው ቤት ሲነገር «ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የአገሩ ሰው እንደ ሠራው ግልጽ ነውና። ስለ ታችኛው ሲነገር ግን መልሱ ወዲያው ባሕር ይሻገራል፤ «የአረቦች ሥራ ነው» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን መልስ ነው። ጉዳዩን የጥንት ነገር ወዳዶች ጨዋታ አድርጎ የሚያልፍ አንባቢ እንዳይኖር ከወዲሁ አንድ ነገር እንበል። «አረቦች ሠሩት» የሚለው ቃል በሽማግሌዎቻችን አፍ ሲነገር የክብር ቃል ነው፤ ወደ መካና ወደ መዲና የሚያደርስ ገመድ ነው። ያው ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ግን «እንግዶች ናችሁ» የሚል ትርጉም ያገኛል። በክፍል ውስጥ የሚሰማው ተማሪም አያቱን ግንብ ማንሣት እንደማያውቅ፣ ሃይማኖቱም ቤቱም ከውጭ ተጭኖ እንደ መጣለት ሰው አድርጎ ያስባል። መምህሩና ኢማሙ በዚህ ነገር ላይ የሚናገሩት ቃል እንዲህ ያለ ክብደት ስላለው ቃሉን ከመድገም በፊት ግድግዳውን መጠየቅ ይገባል እንላለን።

ስለ ስምና ስለ ዘር ሐረግ

የአርጎባ ሕዝብ ስም «አረብ ገባ» ከሚለው ሐረግ እንደ መጣ በሰፊው ይነገራል። በመድረክም በመጽሐፍም ይደጋገማል፤ በጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ሳይቀር እንደ ትክክለኛ መልስ ሲቆጠር ሰምተናል። ነገር ግን የስሙን ፍቺ የሰጠው ዐረፍተ ነገር ራሱ አማርኛ ነው። አንድ ሕዝብ ከባሕር ማዶ መጥቶ ራሱን በሰፈረበት አገር ቋንቋ «ገባ» ብሎ ሰየመ ብሎ ማመን ያስቸግራል። የዚህ ዓይነት ፍቺ በሁሉም አገር አለ፤ ስምን ከሰሙ በኋላ ለስሙ ታሪክ መፈለግ የሰው ጠባይ ነው።

ከስሙ ይልቅ ቋንቋው ራሱ የሚናገረው ይበልጣል። አርጎብኛ ዛሬ በአብዛኛው ቦታ ለአማርኛ ወይም ለኦሮምኛ ቦታውን ለቅቆ ቢሄድም በሾንኬና በጦላሃ መንደሮች እስከ ዘመናችን ድረስ ተነግሯል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ቋንቋ የሚመድቡት ከደቡብ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች መካከል፣ ከአማርኛ አጠገብ ነው። የዓረብኛ ልጅ ሳይሆን የአማርኛ ወንድም ነው ማለት ነው። የሃይማኖት ቃላትን ከዓረብኛ መውሰዱ የታወቀ ነው፤ የግሡ አረባብና የዐረፍተ ነገሩ አደረጃጀት ግን የዚሁ ደጋና ተዳፋት ነው።

ይህን ስንል የዘር ሐረግ ትውፊትን እያጣጣልን አይደለም። ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተሙት የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል ገዢዎቹን መኽዙሚ እያለ ይጠራቸዋል፤ ይህም ወደ ቁረይሽ የሚያደርስ ስም ነው። ያንን ሱልጣኔት እ.ኤ.አ. በ1285 የጠቀለሉት የኢፋት ወላስማዎችም ራሳቸውን ከቁረይሽ ያገናኙ እንደ ነበር አል-መቅሪዚ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፈዋል። እነዚህ የገዢ ቤት ነሰቦች ናቸው። ነሰብ ሥልጣንን፣ ክብርንና ጋብቻን ያስረዳል፤ ድንጋይ ማን እንደ ደረደረ ግን አያስረዳም። ስሕተቱ የሚጀምረው የሱልጣኑን የዘር ሐረግ ወስደን ለግንበኛው ስናለብሰው ነው። አንድ የቁረይሽ ነሰብ ያለው አሚር የአገሩን ግንበኛ ጠርቶ መስጊድ ቢያሠራ መስጊዱ የማን እጅ ሥራ ነው? ጥያቄውን እንዲህ ስናቀርበው መልሱ ሩቅ አይሆንም።

አክሊሉ አስፋው ስለ አርጎባ አጭር ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ከዚያም አበበ ክፍለየሱስ በ2006 ያወጡት ሰፊ መጽሐፍ፣ አህመድ ሀሰን ዑመር ደግሞ በአልዩ አምባና በኢፋት የንግድና የሃይማኖት ትስስር ላይ የሠሩት ጥናት ሕዝቡን በራሱ ምድር ላይ አቁመው ያዩታል። ከመምህራኖቻችን ጆሮ የደረሰው ግን ይህ ሥራ ሳይሆን «አረብ ገባ» መሆኑ ያሳዝናል። የጥናቶቹ ቋንቋ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ምክንያት ግን የእኛው ስንፍና መሆኑን ብንሸሽግ ታማኝ አንሆንም።

ግድግዳው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2006 ቁጥሩ «አናል ዴትዮፒ» የተባለው መጽሔት በኢፋት የሚገኙ ሦስት የመካከለኛው ዘመን ሙስሊም ከተሞችን የሚያስተዋውቅ የጉብኝት ዘገባ አወጣ። ከተሞቹ አስበሪ፣ መሳልና ኖራ ናቸው። የፍራንሷ-ዛቪዬ ፎቬልና የቤርትራን ኢርሽ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የጥናት መድበልም የጎዜና የፈቂ ደቢስ መስጊዶች ተጨመሩ። በሪ ኢፋት ላይ የወላስማ ሱልጣኖች መቃብር ከነዓረብኛ ጽሑፉ ተመዘገበ፤ ጽሑፎቹ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰዎችን ይጠራሉ። ለዘመናት በአል-ኡመሪና በአል-መቅሪዚ ገጽ ላይ ብቻ የነበረችው ኢፋት እግር የሚረግጣት ምድር ሆነች። ለዚህ ሥራ ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

ቅሬታችን በትኩረቱ ላይ ነው። የጥናቶቹ ዓይን በዋናነት ከተማን፣ መስጊድን፣ መቃብርንና ከዘይላ ወደብ የሚመጣውን የንግድ መንገድ ይከተላል። መስጊዱ በፕላን ይሣላል፤ የመቃብሩ ጽሑፍ ይነበባል፤ ሰው የተኛበት፣ እህል የተፈጨበት፣ ልጅ ቁርኣን የቀራበት ቤት ግን ከኋላ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከወደቡ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ታሪክ ይነገራል፤ ከደጋው ወደ ታች የሚወርድ የእጅ ጥበብ ታሪክ አይነገርም። በሌላው ወገን ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» ለመንዝ አንድ ምዕራፍ ሲሰጡ የምዕራፉ ዓይን በደጋው ክርስቲያናዊ ሕይወት ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይጽፋል፤ በመካከል ያለው ገደል በመጽሐፎቹም መካከል ገደል ሆኖ ቀረ። በመሬት ላይ ግን ገደሉን በየሳምንቱ ገበያተኛ ይወጣዋል፣ ይወርደዋል። ጨው ወደ ላይ ይወጣል፣ እህል ወደ ታች ይወርዳል። ጨው ከወጣ የግንብ አሠራር የማይወርድበት ምክንያት አይታየንም።

እስቲ ወደ ግድግዳው እንቅረብ። በዚህ አገር የቆየው የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው። የውጩና የውስጡ ፊት በተመረጠ፣ አንድ ጎኑ ለጥ ባለ ድንጋይ ይደረደራል፤ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል፤ በየተወሰነ ከፍታ ረዥም ድንጋይ አግድም ገብቶ ሁለቱን ፊቶች ያያይዛል። ማዕዘኑ ላይ ትልልቁ ድንጋይ ይመረጣል። ይህ አሠራር የሙስሊም ወይም የክርስቲያን ተብሎ አይከፈልም። ከትግራይ ህድሞ ጀምሮ እስከ መንዝ ቤት፣ ከዚያም እስከ ሾንኬ ድረስ ያለው ገበሬ የሚያውቀው ነው፤ የእርሻውን እርከን በካብ የሚደግፍ ሰው የቤቱን ግድግዳ ለማንሣት ከባሕር ማዶ አስተማሪ አያስፈልገውም። (የኖራን ስም የሰማ ሁሉ ከተማዋ በኖራ የተገነባች ይመስለዋል፤ የቦታ ስም ስለ ግድግዳ አይመሰክርም።)

ልዩነቱ የሚጀምረው ከጣሪያው ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ባለው የመንዝ ደጋ ዝናቡና ውርጩ ብርቱ ነው፤ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሆኖ ሾጣጣ የሣር ክዳን ይደፋል። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ይህን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ከልሎ፣ በተፈቀደው ጊዜ ብቻ እያጨደ የኖረው ያለ እርሱ ቤቱ ቤት ስለማይሆን ነው። ከተዳፋቱ ግርጌ ጓሳ የለም። ዝናቡ ሲያንስና ቁልቁለቱ ሲበረታ በሾንኬ እንደምናየው ቤቱ ማዕዘናማ ይሆናል፤ ጣሪያውም በእንጨት ርብራብ ላይ በተደለደለ አፈር ጠፍጣፋ ሆኖ ይሸፈናል፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ቤት እንደ ደጅ ያገለግላል። የአፈር ጣሪያ ከባድ ነው። ስለዚህ የክፍሉ ስፋት ከተገኘው ወራጅ እንጨት ርዝመት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ሲፈለግ ምሰሶ ይቆማል። ሰፊ የጸሎት አዳራሽ ሲፈለግም ምሰሶ እየተደገመ ይሄዳል። የደጋውን ቤት ክብ፣ የተዳፋቱን ማዕዘናማ ያደረገው እንግዲህ ሣሩ፣ እንጨቱና ዝናቡ ነው። የሃይማኖት ልዩነት አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች ጣሪያውን አላዩም እንላለን።

ታዲያ በዚህ ግንብ ውስጥ እስልምና የቱ ላይ ነው? መልሱ በአቅጣጫው ላይ ነው፤ ይህንንም ማንኛውም መምህር በኮምፓስ ሊያሳይ ይችላል። የተከበረችው መካ በ39 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ትገኛለች። መንዝና ኢፋት ደግሞ በ39 እና በ40 ዲግሪ መካከል የተዘረጉ ናቸው። በሌላ አነጋገር የዚህ ምድር ቂብላ ቀጥ ያለ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ በ5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ሐረር ላይ በ10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ። በኢፋት ግን ሰሜን ነው። የቤተ ክርስቲያን መቅደስ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ይመልሳል፤ መስጊዱ ወደ ሰሜን። ግንበኛው ያው፣ ጭቃው ያው፣ ድንጋዩ ያው ሆኖ ሕንፃው በሩብ ዙር ሲዞር የሌላ ሃይማኖት ቤት ሆነ። ለክፍል ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ነገር ግን እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በሰሜን ግድግዳ ላይ ጎድጓዳ ቦታ ያየ ሁሉ «ሚህራብ አገኘሁ» እያለ ነው። በድንጋይ ቤት ግድግዳ ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ የተለመደ ነው፤ የሐረር ቤቶች በዚህ የታወቁ ናቸው። ሚህራብ ከሆነ በግድግዳው መካከል መሆን ይገባዋል፤ ሰው ቆሞ የሚገባበት ከፍታ ይኖረዋል፤ ብዙ ጊዜም ከግድግዳው ውጭ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ይታያል። በወገብ ከፍታ ላይ፣ ከማዕዘኑ አጠገብ ያለ ጎድጓዳ የሰው ቤት ቁም ሣጥን እንጂ ሚህራብ አይደለም። ቤትን ወደ መስጊድ መለወጥ ለመንደሩ ክብር የጨመረ ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥ ግን መንደሩን ሰው ያልኖረበት ያደርገዋል።

«መድረሳ የላቸውም»

አል-ኡመሪ እ.ኤ.አ. በ1349 ያለፉ የማምሉክ ዘመን ጸሐፊ ናቸው። «መሳሊክ አል-አብሷር» በተባለው ሥራቸው ሰባቱን የሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ይዘረዝራሉ፤ ኢፋት ከእነርሱ ትልቋ ናት። ጁምዓ የሚሰገድባቸው መስጊዶችና ሌሎች መስጊዶች እንዳሏቸው፣ ሕዝቡም በሃይማኖቱ የጸና እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። ከዚያም መድረሳ፣ ኻንቃህ፣ ሪባጥና ዛዊያ እንደሌላቸው ይጨምራሉ። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከብዙ ገጾች ተነጥላ ስትጠቀስ እናያለን። «ኢፋት ትምህርት ቤት አልነበራትም» ይባላል፤ ከዚያም የዕውቀት ታሪካችን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ ሸኾች ይጀምራል።

አነባበቡ ስሕተት ነው። አል-ኡመሪ አገሩን አላዩም፤ ካይሮ ተቀምጠው ከሸኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒና ከሌሎች ሰዎች የሰሙትን ነው የጻፉት። በካይሮ ቋንቋ መድረሳ ማለት በሱልጣን ወይም በአሚር ወቅፍ የቆመ፣ የመምህሩ ደመወዝና የተማሪው ስንቅ የተመደበለት፣ የራሱ ሕንፃ ያለው ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ በኢፋት አልነበረም ማለት ትምህርት አልነበረም ማለት አይደለም። የዘይላና የኢፋት ሰዎች እስከ ካይሮ ድረስ ሄደው ከፉቀሃ ጋር ሲቀመጡ ፊደል ያልቆጠሩ አልነበሩም፤ መረጃውን ለአል-ኡመሪ የሰጡት ሸኽ ራሳቸው ለዚህ ምስክር ናቸው።

ታዲያ የት ይማሩ ነበር? እኛ ራሳችን የተማርንበትን ቦታ ብናስታውስ ይበቃል። ሐሪማ ከመስጊዱ ጎን የተጠጋች ቤት ናት። ሸኹ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ደረሳው በዙሪያቸው ሰሌንና ቁርበት ላይ፤ ሌሊት በኩራዝ፣ ቀን በበሩ ብርሃን ይቀራል። ደረሳው የሚበላውን ከመንደሩ ያገኛል፤ የሚተኛው እዚያው ነው። ይህን ሥርዓት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካይሮ ላለ ሰው «መድረሳ አላችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሐቀኛ ሰው «የለንም» ይላል። እንደምናስበው የአል-ኡመሪ ሐረግ የሚናገረው ስለ ሕንፃና ስለ ወቅፍ ነው። ስለዚህም በኖራና በአስበሪ ከመስጊዱ አጠገብ ያሉ ተራ የመኖሪያ ቤቶች ፍርስራሽ ለእኛ ከመስጊዱ ባልተናነሰ ዋጋ አላቸው። የትምህርት ታሪካችን ሕንፃ ካለው ያለው እዚያ ነው። ቤቱን ትቶ መስጊዱን ብቻ የሚለካ ጥናት ደግሞ ይህን ታሪክ ሳያውቅ ይቀብረዋል።

የሾንኬ 900 ዓመት

ሾንኬ ከኢፋት ወደ ሰሜን፣ በከሚሴ በኩል በኮረብታ ላይ ያለች የአርጎባ መንደር ናት። ፍርስራሽ አይደለችም፤ ሰው ይኖርባታል። ይህ ከኖራ የሚለያት ትልቅ ነገር ነው፤ የተዳፋቱ የድንጋይ ቤት እንዴት እንደሚኖርበት የምናየው በእርሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ያለፉት ሐጅ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ያስተማሩባት፣ ስሟንም ከስማቸው ጋር ያስተሳሰሩባት ናት። ሁሴን አህመድ በወሎ እስልምና ላይ የሠሩትን ያነበበ ሰው የሸኹን ቦታ ያውቃል፤ ደረሳ ከሩቅ አገር እየተነሣ ይሄድ የነበረው ለግንቡ አልነበረም።

አሁን ግን ሰው የሚሄደው ለግንቡ ነው፤ ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈውም «የ900 ዓመት ቤቶች» የሚል ነው። ቁጥሩ በጉዞ ጽሑፎችና በቴሌቪዥን ዝግጅቶች ተደጋግሞ እንደ ማስረጃ መቆጠር ጀምሯል። የመንደሩ ሽማግሌዎች መንደራችን ከዚህ ዘመን ጀምሮ አለ ቢሉ የትውፊት ቃል ነውና በአክብሮት እንሰማለን። ነገር ግን የመንደር ዕድሜና የቤት ዕድሜ አንድ አይደሉም። በጭቃ የተያያዘ፣ በአፈር ጣሪያ የተሸፈነ ቤት በየክረምቱ ይጠገናል፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ይለወጣል፤ ግድግዳው ሲያብጥ ፈርሶ በዚያው ድንጋይ እንደ ገና ይደረደራል። ድንጋዩ የጥንት፣ መሠረቱ የቅድመ አያት፣ ግድግዳው የአያት፣ ወራጁ የአባት፣ አፈሩ የዘንድሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቤት «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ በአንድ ቁጥር መመለስ ቤቱን አለማወቅ ነው።

ንጽጽር ካስፈለገ ሐረር ቅርብ ናት። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ ስትገባ የከተማዋ ቤቶች ሁሉ በአንድ የዕድሜ ቁጥር አልተጠቀለሉም። ባለ ነደባው የሐረሪ ቤት በራሱ፣ ከ1887 በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ያስገቡት ባለ በረንዳ ቤት በራሱ፣ የሁለቱ ቅልቅል ደግሞ በራሱ ተለይቶ ተጻፈ። ቤትን እንዲህ በየድርብርቡ ማንበብ ክብሩን አይቀንስም። ለሾንኬ የምንመኘው ይህን ነው። ቁጥሩን የሚደግፍ ማስረጃ ከተገኘ የሚገኘው ከመቃብር ድንጋይ፣ ከመጽሐፍ ጠርዝ ማስታወሻ ወይም ከመሠረቱ ሥር ከሚወጣ ከሰል ነው፤ ከፎቶግራፉ ግርጌ ጽሑፍ አይደለም። መምህሩ ለተማሪው «900» ብሎ ከሚሰጥ ይልቅ «እንዴት እናውቃለን?» ብሎ ቢጀምር የዒልም ሰዎች በኢስናድ ላይ ያስተማሩንን ነው የሚያደርገው። ወሬ ሁሉ ሰነዱ ይጠየቃል፤ የግድግዳ ወሬም ከዚህ አያመልጥም።

ስለ እድሳት

እስካሁን የወቀስነው ሌሎችን ነው፤ ቀጥሎ ያለው ወቀሳ ወደ ራሳችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር መስጊድ (ስሙን አንጠራም) የእድሳት ምክክር ላይ ተገኝተን ነበር። ኮሚቴው ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ገንዘቡ በላብ የተዋጣ ነው። አሮጌው የድንጋይ መስጊድ ጠቧል፣ ያፈሳል፤ ሰፊ የብሎኬት መስጊድ ይሠራ ተባለ። እኛም በጊዜው አንድም ቃል አልተናገርንም። ከዓመት በኋላ ስንመለስ አሮጌው ግንብ ፈርሷል። ድንጋዩ ለአጥሩ መሠረት ገብቷል፤ ሚህራቡ የነበረበት ቦታ በሲሚንቶ ተለብጧል። ከግቢው ያሉት ያረጁ የመቃብር ድንጋዮች ለውዱእ ቦታው መረማመጃ ሆነዋል። አንደኛውን ስንገለብጠው ፊቱ ላይ የዓረብኛ ፊደል ነበረበት፤ የሚነበብ ቃል ግን አልቀረም። ያን ቀን የተሰማንን ሐፍረት አሁንም አልረሳነውም። ያኔ አንድ ሰው ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ግድግዳውን በገመድ ቢለካ ኖሮ አዲሱም መስጊድ ይሠራ ነበር፤ አሮጌውም ቢያንስ በወረቀት ላይ ይኖር ነበር።

ሰው መስጊዱን አያስፋ አንልም። መስጊድ ለሰጋጅ እንጂ ለጎብኚ አይሠራም፤ «ቅርስ ነው» ብሎ በዝናብ ውስጥ አሰግዱ የሚል ሰው የኢማሙን ኃላፊነት አያውቅም። ነገር ግን ማስፋትና ማፍረስ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ቦታ ካለ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ሊቆም፣ አሮጌው ለቂርአት ሊውል ይችላል።

በጭቃ የተሠራን ግንብ ለማጠንከር በሲሚንቶ መለሰንም የታሰበውን አያመጣም። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ሲሚንቶው መውጫውን ይዘጋበታል። ውሃው በሁለቱ ፊቶች መካከል ታግቶ ሙሌቱን ያሟሟል፤ ከዚያም ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ግድግዳ ሆዱ ይነፋና በአንድ ክረምት ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ ጭቃ ይለቀልቁ የነበረው ሲሚንቶ ስላጡ ብቻ አይደለም። ግድግዳውን ለማዳን የሚፈልግ ከጣሪያው ይጀምር፤ ከጫፉ ውሃ እንዳይገባ፣ ከሥሩም ውሃ እንዳይቆም ማድረግ ከማንኛውም ልስን ይበልጣል።

መስጊዱ የግድ መፍረስ ካለበት ከመፍረሱ በፊት የሚደረገው ነገር አንድ ቀን አይፈጅም፤ የውጭ ባለሙያም አይጠብቅም። አራቱ ግድግዳዎች ከውጭና ከውስጥ ይነሡ፤ ርዝመታቸው፣ ውፍረታቸውና ከፍታቸው በሜትር ይጻፍ። የሰሜኑ ግድግዳ ለብቻው ይሣል፤ ሚህራቡ ከማዕዘኑ በስንት ክንድ እንዳለ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ይለካ፤ አቅጣጫው በኮምፓስ ይያዝ። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ሁሉ ሳይታጠብና ሳይፋቅ በጎን ብርሃን ፎቶ ይነሣ። የሠራው፣ ያደሰው፣ እንጨቱን ያመጣው ሰው ስም ከሽማግሌዎች ይጠየቅ፤ በተለይ የግንበኛው ስም። የሸኹን ስም ሁሉም ያስታውሳል፤ የግንበኛውን ስም ግን የሚያውቁት ከአንድ ወይም ከሁለት ሽማግሌ አይበልጡም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው።